ሞዴል ጓሯችን የታመመበት ክረምት

ስለ ጓሮ አትክልት በሽታ መጀመሪያ የተማርኩት ጓሮ ውስጥ ሳይሆን የጽሕፈት መኪና ፊት ተቀምጬ ነው። ረሃቡ ወሎን ባደቀቀበት ዓመት ደሴ ላይ የታይፕ ትምህርቴን ጨርሼ መካነ ሰላም፣ በአንድ መሥሪያ ቤት ተቀጠርኩ። ዕድሜዬ ሃያ አልሞላም ነበር። ኃላፊያችን ከአዲስ አበባ የመጡ፣ የእርሻ ዲፕሎማ ያላቸው፣ ጫማቸው ሁልጊዜ የሚያብረቀርቅ ሰው ነበሩ። ስለ ዕፅዋት በሽታ የነበራቸው ዕውቀት እውነተኛ እንደነበር ልመሰክርላቸው እወዳለሁ። የጎደላቸው ወርደው ዕፅዋቱን ማየት ብቻ ነው።

በዚያ ዓመት ከመሥሪያ ቤታችን በሚወጣ ደብዳቤ ላይ «ረሃብ» የሚል ቃል አይጻፍም ነበር። መጀመሪያ «የምግብ እጥረት» እንድል ታዘዝኩ። ሰንበት ብሎ እሱም ጠነከረ ተባለና «የዝናብ መዘግየት» ሆነ። መስኮቴ የሚያየው ወደ ዋናው መንገድ ስለነበር፣ ከቆላ የወጡ ሰዎች ልጆቻቸውን አዝለው ሲያልፉ እያየሁ የዝናብ መዘግየትን እተይባለሁ። ኃላፊው ክፉ ሰው አልነበሩም። አንድ ቀን መስኮቱ አጠገብ ብዙ ቆመው ካዩ በኋላ ወደ እኔ ዞሩና፣ «ወንበርሽን ወደ ግድግዳው አዙሪው፤ ብርሃኑ ዓይንሽን ይጎዳዋል» አሉኝ።

በዚያው ሰሞን ሕዝቡን ለመርዳት ምን እንደሠራን የሚጠይቅ ደብዳቤ ከበላይ መጣ። ኃላፊው ሁለት ሳምንት ሙሉ ከጠረጴዛዬ አጠገብ እየተንጎራደዱ አንድ መመሪያ አስጻፉኝ፤ የጓሮ አትክልት ተባዮችና በሽታዎች እንዴት እንደሚለዩ የሚያስረዳ። ችግኝ የሚቆርጠው ትል ቀን ቀን አፈር ውስጥ እንደ ቀለበት ተጠቅልሎ እንደሚተኛ፣ የድንች ምች ጭጋግና ዝናብ ሲደጋገም እንደሚመጣ፣ መጀመሪያ የቅጠሉ ጫፍ ላይ ውኃ የቋጠረ የሚመስል ጥቁር ነጥብ እንደሚታይ፣ ቅጠሉን ገልብጠው ሲያዩት ነጭ ሻጋታ እንደሚገኝ፣ ይህን ሁሉ እየሳትኩ እየደገምኩ ስተይበው በቃሌ ያዝኩት። መመሪያው ተባዝቶ ሲወጣ ማንበብ የሚችለው ሰው ጓሮ አልነበረውም፤ ጓሮ ያለው ደግሞ ማንበብ አይችልም። ቅጂዎቹ ወደ ሱቆች ሄደው የጨውና የበርበሬ መጠቅለያ ሆኑ። ስለዚህ ሪፖርታችን ላይ «በየቤቱ ደርሷል» ብለን ስንጽፍ አልዋሸንም።

አንድ ቅጂ እኔ ዘንድ ቀርቶ ነበር። የተከራየሁት ከመሥሪያ ቤቱ በስተጀርባ፣ ቁልቁለቱ ላይ፣ ባላቸው የሞቱባቸው አንዲት ሙስሊም እናት ግቢ ውስጥ ነው። እትዬ እላቸዋለሁ። ጓሯቸው ድንች፣ ጎመንና ነጭ ሽንኩርት ነበረበት። እኔ ከመመሪያው እያነበብኩ እጠይቃቸዋለሁ፤ እሳቸው ጎንበስ ብለው ነገሩን ራሱን ያሳዩኛል።

«ጥቃቅን፣ ግራጫማ፣ በቅጠል ሥር ተሰባስበው የተክሉን ፈሳሽ የሚመጥጡ ተባዮች» ብዬ አነበብኩ አንድ ጠዋት።

«ክሽክሽን ነው እንዲህ ያደከመሽ?» አሉና አንድ የጎመን ቅጠል ገለበጡልኝ። በጣም የተወረረውን ቅጠል ቀንጥሰው ቀበሩት፤ በሌላው ላይ ጤዛው ሳይደርቅ አመድ ነሰነሱበት። ጀርባዋ ቀይ ሆኖ ጥቁር ነጠብጣብ ያለባት ጥንዚዛ ቅጠሉ ላይ ስትሄድ አይቼ ላራግፋት ስል እጄን ያዙኝ። «እሷን ተያት። ክሽክሹን የምትበላልኝ እሷ ናት።» መመሪያው ስለ ጥንዚዛዋ አንድም ቃል አልነበረውም።

ያን ክረምት የጓሯቸውን ድንች አብዛኛውን በመንገድ ለሚያልፉት ሰዎች ቀቅለው አበሉት። ስለዚህ ነገር ብዙ አያወሩም ነበር፤ እኔም አላወራበትም።

ከዚያ ለውጡ መጣ። ኃላፊያችን አልታሰሩም። «አማካሪ» ተብለው ጠረጴዛቸው ከበሩ ኋላ ተደረገ፤ በሩ ሲከፈት አይታዩም፣ ሲዘጋ ይታያሉ። በቦታቸው የተተካው ወጣት ሊቀመንበር ከዚያ በፊት የስፖርት አስተማሪ ነበር፤ የጥቂት ሳምንት የፖለቲካ ትምህርት ወስዶ ነው የመጣው። ቅን ሰው ነበር። ከሁላችንም ቀድሞ ይገባል፣ ለራሱ የሚያስቀረው ነገር የለም። በመጀመሪያው ስብሰባ ላይ፣ «ጓዶች፣ ሕዝባችን ያለቀው በረሃብ ነው፤ ረሃቡንም የደበቁት ሰዎች ናቸው» አለ። ያንን ቃለ ጉባኤ ስተይብ «ረሃብ» የሚለውን ቃል ለመጀመሪያ ጊዜ ጻፍኩት። ደስ ብሎኝ ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

በሁለተኛው ዓመት እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት ጓሮውን እንዲያለማ መመሪያ ወረደ። ሊቀመንበሩ የእኛ ጓሮ ሞዴል እንዲሆን ቆረጠ። ድንቹን በገመድ እየለካን፣ እንደ ሰልፈኛ ትከሻ ለትከሻ አስጠግተን ተከልነው። ዘበኛችን በማሻ በኩል ካለ ገጠር የመጡ፣ ዕድሜያቸውን በእርሻ የጨረሱ ሽማግሌ ነበሩ። ክርስቲያን ቢሆኑም እንደ አገሩ ሰው «ወላሂ» ብለው ነው የሚምሉት። መደቡን አዩና ቀረብ አሉ።

«ወላሂ ጌታዬ፣ ይሄ ድንች አየር ያንሰዋል። በመሀሉ ሰው የሚያልፍበት ካልተተወለት ክረምቱ ሲበረታ ይታመማል።»

«ጓድ፣ በመጀመሪያ ጌታዬ አትበለኝ። ጌታ የሚባል ነገር ቀርቷል» አለ ሊቀመንበሩ። እኩልነት ሽማግሌን አንተ ማለት ይመስለው ነበር።

«እሺ ጌታዬ።»

«ሁለተኛ፣ ተራርቆ መቆም የግለኝነት ስሜት ነው። እኛ የምናስተምረው ተጠጋግቶ መቆምን ነው።»

«ለሰው ልክ ነው። ድንች ግን…»

«ድንቹም ከሰፊው ሕዝብ የሚለይበት ምክንያት የለም።»

ሽማግሌው ወደ በራቸው ተመለሱ። እኛም ተጠጋግቶ የተተከለውን ድንች በየቀኑ አመሻሹ ላይ ከላይ በባልዲ አጠጣነው።

ቀድሞ የተጎዳው ግን ጎመኑ ነው። ችግኙ በተተከለ በሦስተኛው ቀን ጠዋት ስንገባ አንድ ሙሉ መስመር ከአፈሩ ልክ ተቆርጦ ተጋድሟል። አቆራረጡ በምላጭ የተሠራ ይመስላል። ሊቀመንበሩ አንዱን አንስቶ እያገላበጠ ተመለከተው። «ይህ የሰው እጅ ነው» አለ። ሌሊት ግቢው ውስጥ የሚያድሩት ዘበኛው ብቻ ናቸው፤ አተካከሉን የተቃወሙትም ዘበኛው ብቻ ናቸው። ከሰዓት በኋላ ስብሰባ ተጠራ፤ አጀንዳው «በጎመን ችግኝ ላይ የተፈጸመ አሻጥር» ነበር። ቃለ ጉባኤ የምይዘው እኔ ነኝ።

ሽማግሌው ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው መሀል ቆሙ።

«ሌሊት የት ነበርክ?»

«በር ላይ።»

«ጎመኑ ሲቆረጥ እንዴት አላየህም?»

«በር ላይ ስለነበርኩ ነዋ። ደግሞም ትል ነው የቆረጠው።»

«ትል ቢላዋ አለው?»

ሊቀመንበሩ ወደ አማካሪው ዞሮ ሙያዊ አስተያየት ጠየቀ። የቀድሞው ኃላፊያችን ተነሱ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ «ጉዳዩ ከሁለት አቅጣጫ መታየት ያለበት ነው» ብለው ተቀመጡ። ሁለቱ አቅጣጫዎች የትኞቹ እንደሆኑ አልተናገሩም። ስለ ቆራጭ ትል ሁለት ገጽ ያስጻፉኝ እሳቸው ናቸው። አየኋቸው፤ ጫማቸውን ማየት ጀመሩ።

በዚያ ዘመን «ለጥያቄ ትፈለጋለህ» የተባለ ሰው በዚያው ሊቀር ይችል ነበር። እኔም ይህን አውቃለሁ፤ ለመናገር ብዕሬን ወደ ላይ አነሳሁ።

«ቃለ ጉባኤ ያዥ አስተያየት አይሰጥም» አለ ሊቀመንበሩ።

«አስተያየት የለኝም ጓድ። ድርጊቱ የተፈጸመበትን ቦታ ሳላይ ልጽፈው ስለማልችል ነው። ቃለ ጉባኤው ጉድለት እንዳይኖርበት።»

ሥርዓት ያለው ነገር ይወድ ነበር። ጉባኤው እንዳለ ወደ ጓሮው ወጣ። ተንበርክኬ በማስመሪያዬ ከተቆረጠው ችግኝ ሥር ያለውን አፈር መጫር ጀመርኩ። ሁለት ጣት ያህል ስገባ ወፍራም ግራጫ ትል እንደ ቀለበት ተጠቅልሎ ተኝቶ አገኘሁት። ከቀጣዩ ችግኝ ሥር ሁለተኛውን፣ ከዚያ ሦስተኛውን አወጣሁ። ፋይሉ ላይ ደርድሬ ለሊቀመንበሩ አቀረብኩለት።

ብዙ አያቸው። ፊቱ ቀስ እያለ በራ። «ቀን የሚደበቅ» አለ፣ «በጨለማ የሚሠራ፣ ከሥር የሚቆርጥ። ጓዶች፣ ስናስተምራችሁ የከረምነው ይህንኑ ጠላት አይደለም?» ሁሉም አጨበጨበ። ትሉ በሙሉ ድምፅ ተወገዘ፤ ይህንንም በቃለ ጉባኤው አስፍሬዋለሁ። ዘበኛው ነፃ ወጡ፤ ሆኖም በሩን ሲጠብቁ ጠላት በአፈር ውስጥ እንዲገባ በመፍቀዳቸው ግለ ሂስ አደረጉ። ሲጨርሱ ወደ እኔ መጥተው፣ «ልጄ፣ ያደረግሁት ምንድነው?» ብለው ጠየቁኝ። እኔም አላወቅኩላቸውም።

ከዚያ በኋላ ማለዳ ማለዳ ከእሳቸው ጋር አፈሩን እየጫርን ትል እንለቅም ነበር። በአዲሶቹ ችግኞች አንገት ዙሪያ ደግሞ ወፍራም ወረቀት ጠቅልለን ጫፉን አፈር ውስጥ ቀበርነው፤ ትሉ ያንን አልፎ አይቆርጥም። ወረቀቱ ካለፈው ሥርዓት የተረፈ ፎርም ነበር። ለአንድ ሰው እንኳ ሲጠቅም ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

ሐምሌ ውስጥ ጭጋጉ ወርዶ ለቀናት አልነሣ አለ። አንድ ጠዋት የድንቹ ቅጠል ጫፍ ላይ ጥቁር ነጥብ አየሁ። ገለበጥኩት፤ ነጭ ሻጋታ። በማግስቱ ነጥቡ መዳፍ አክሎ ነበር፤ መደቡም የበሰበሰ ነገር መሽተት ጀምሯል። ሊቀመንበሩ ቢሮ ገባሁ።

«ጓድ፣ ድንቹን ምች መቶታል። የታመመው ዛሬውኑ ተነቅሎ ራቅ ብሎ መቀበር አለበት። የቀረውም ይሳሳ፤ ከላይ ማጠጣቱም ይቅር።»

«በአሥር ቀን ውስጥ ከደሴ እንግዶች ይመጣሉ» አለ። «ሞዴል ጓሮ ክፍተት ሊኖረው አይችልም።»

«ካልተነቀለ ሁሉም ይጠፋል።»

ጥቂት አሰበ። «ሪፖርቱ ላይ በሽታ የሚለውን ቃል አውጪው። የቅጠል ቀለም መለዋወጥ በይው።»

ወንበሬ ላይ ተመልሼ «የቅጠል ቀለም መለዋወጥ» ብዬ ተየብኩ። ያው የጽሕፈት መኪና፣ ያው ወንበር ነበር።

ከዚያ የመጣው ትእዛዝ ሠራተኛው ሁሉ መስመር እየተከፋፈለ ጥቁሩን ነጥብ በእርጥብ ጨርቅ እንዲጠርግ የሚል ነው። ገንዘብ ያዡ፣ ንብረት ክፍሉ፣ አማካሪው ሳይቀሩ ጨርቃቸውን ይዘው ከታመመው ወደ ጤነኛው፣ ከጤነኛው ወደ ቀጣዩ እየሄዱ ቅጠል አጠቡ። ምቹን ለማዳረስ ከዚህ የተሻለ ዘዴ ማንም ሊያስብ አይችልም ነበር። በሁለት ቀን ውስጥ አንድም ሳይቀር ለሁሉም እኩል ደረሰው።

እንግዶቹ ሊመጡ አንድ ቀን ሲቀራቸው በጣም የጠቆረው ተነቅሎ በጓሮው አጥር ላይ ወደ ውጭ ተወረወረ። አጥሩ የሚያዋስነው የእትዬን ጓሮ ነው። ክፍተቱን ለመሙላት ሊቀመንበሩ ራሱ እትዬ ዘንድ መጣ። እሳቸውን ግን አንቺ ማለት አልሆነለትም።

«እናት፣ ከድንችዎ ጥቂት እንዲያውሱን ነበር።»

«ገና አልደረሰም ልጄ። እንጭጭ ነው።»

«ድንቹን አይደለም። የምንፈልገው ቅጠሉን ነው፤ ነገ እንግዶች አሉብን።»

እትዬም፣ «ቅጠል የሚበሉ ናቸው እንግዶቹ?» ብለው ጠየቁ። ፌዝ ይሁን የእውነት ይሁን ከፊታቸው አይታወቅም። ከኋላው ጠመንጃ ያነገበ አጃቢ ቆሞ ነበር። ማጭዱን አምጥተው ሰጡት።

በማግስቱ ጓሯችን ለምለም ሆኖ ዋለ። ግማሹ መሬት ላይ የተሰካ ቅርንጫፍ ነው። እንግዶቹ መጡ፣ ተደነቁ፣ አጨበጨቡ። ከመሀላቸው ቦት ጫማው ጭቃ የያዘ አንድ ዝምተኛ ሰው ጎንበስ ብሎ አንድ ቅጠል ገለበጠ። ከዚያ ግንዱን ሳብ ሲያደርገው ሥር የሌለው ቅርንጫፍ ሆኖ እጁ ላይ ቀረ። ወዲያ ወዲህ አየ። ቅርንጫፉን ቀስ ብሎ ወደ ቦታው መልሶ አፈሩን በቦቱ ረገጥ ረገጥ አደረገና ከሌሎቹ ጋር አጨበጨበ።

ድንቹን ስንቆፍር የወጣው ጥቁርና የሚቀልጥ ነገር ነበር፤ ሽታው ቢሮ ድረስ ገብቶ ለቀናት ሰነበተ። ሪፖርቱን ግን መላክ ነበረብን። «ምርቱ ሙሉ በሙሉ ከመሬት ወጥቷል» ብለን ጻፍን። ይህም እውነት ነው።

በአጥሩ ላይ የተወረወረው ክምር ግን ሥራውን አልጨረሰም። ከአንድ ሳምንት በኋላ በእትዬ ጓሮ፣ ለአጥሩ በሚቀርበው በኩል፣ ያንን ጥቁር ነጥብ አየሁት። ልነግራቸው ገብቼ አልቅሼ ተቀመጥኩ።

«ሲወረውሩት አይተሽ ነበር?» አሉኝ።

«አይቻለሁ።»

«ለምን ዝም አልሽ?»

«ፈራሁ እትዬ።»

ነጠላቸውን አስተካከሉ። «እኔም ማጭዱን የሰጠሁት ፈርቼ ነው» አሉ። «ተነሺ፣ ምን እናድርግ?»

የማውቀውን ሁሉ ነገርኳቸው። ዘበኛውም አካፋቸውን ይዘው መጡ። ክምሩን ሰብስበን ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍረን ቀበርነው። ከዚያ የቀረውን ቅጠል፣ ጤነኛ የሚመስለውንም ጭምር፣ ከመሬት ልክ አጭደን እዚያው ጨመርነው። ለምለሙን ማጨድ ለእትዬ ከበዳቸው፤ ማጭዱን ለሽማግሌው ሰጥተው ፊታቸውን አዞሩ። ሻጋታው ከዝናቡ ጋር ወደ ድንቹ እንዳይወርድ መደቡን በአፈር ከፍ አድርገን ሸፈንነው። ሳይነካ ሁለት ሳምንት ያህል ቆየ፤ ቆዳው እስኪጠነክር ማለት ነው። ፀሐይ የወጣ ዕለት ቆፈርነው፤ ነጥብ ያለውን ለይተን ቀበርን፣ ጤነኛውን ዘርግተን አደረቅን። ግማሹ ሊባል የሚችል ተረፈ። እትዬ «አልሃምዱሊላህ» አሉ፤ ዘበኛውም ተከትለው አሉት።

ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ ቅዳሜ ቀትር ላይ፣ ሊቀመንበሩ ብቻውን ወደ ግቢያችን መጣ። በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ይዟል። ጋዜጣውን ሲፈታው ውስጡ አንድ የድንች ቅጠል አለ።

«ከቤቴ ጓሮ ነው» አለ። «ባለቤቴ ነች የተከለችው። ይሄ… የቅጠል ቀለም መለዋወጥ ነው?»

«አይደለም።»

«ታዲያ ምንድነው?»

«ምች ነው ጓድ። በሽታ።»

ደጃፉ ላይ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ሦስት ልጆች ነበሩት፤ የወር ደሞዙን ግማሽ ለዘመቻ መዋጮ እንደሚሰጥ ሁላችንም እናውቃለን። የሚበሉት ከዚያ ጓሮ ነው።

«ያን ጊዜ ለምን አልነገርሽኝም?» አለኝ።

«ነግሬዎታለሁ።»

«አዎ» አለ። «ነግረሽኛል።»

እትዬ ድምፁን ሰምተው ወጡ። ቅጠሉን ከእጁ ተቀብለው ገለበጡት፣ አሸተቱት። ከዚያ ገብተው ያንኑ ማጭድ ይዘው ተመለሱና፣ «ተነሥ፣ ሳይብስ እንሂድ» አሉት። አንተ ሲሉት ጥቂትም አልተቀየመም።

አብሬያቸው ሄድኩ። የሊቀመንበሩ ጓሮ ትንሽ ነበር፤ ድንቹ ግን በየመስመሩ መሀል ሰው ጎንበስ ሳይል የሚያልፍበት ሰፊ ክፍተት እየተተወ ነበር የተተከለው። እትዬ አዩት፣ እኔንም አዩኝ። ሊቀመንበሩ ጆሮው ቀላ። «ባለቤቴ ናት እንዲህ ይሁን ያለችው» አለ። በዚያ ክፍተት ምክንያት የታመሙት ጥቂቶቹ ብቻ ነበሩ። እነሱን አጭደን ቀበርናቸው፤ ሌላው ተረፈ።

ለመሥሪያ ቤቱ ይህን ማንም አልነገረም። እሱም አትንገሪ አላለኝም። ከዚያ ወዲህ ግን በስብሰባ ላይ ሽማግሌውን እርስዎ ማለት ጀመረ፤ አንዳንድ ጓዶች ይህን እንደ መለሳለስ አይተው ሂስ አቀረቡበት። የዓመቱ መጨረሻ ላይ ወደ ሌላ አውራጃ ተዛወረ። የተካው ሰው ስለ ድንች የማስተምረው ነገር የለኝም ብሎ ጓሮውን ለመረብ ኳስ አዋለው። የቀድሞው ኃላፊ ያለ ማንም ክስ ጡረታ ወጡ፤ ሲሰናበቱኝ «ያ መመሪያ ጥሩ ነበር፣ አይደል?» አሉኝ። ጥሩ እንደነበር ነገርኳቸው።

እትዬ በሚቀጥለው ክረምት ምች በያዘው መደብ ላይ ባቄላ ዘሩ። ድንቹን ግን ከአጥሩ አርቀው በሌላው በኩል ተከሉ። ቡቃያው መሬት እንደለቀቀ እኔ ወደ ወረኢሉ ተዛወርኩ። የሄድኩ ዕለት ዘበኛው በእትዬ የድንች መደብ መሀል ቆመው ቅጠል እየገለበጡ ነበር፤ እጃቸውን አንሥተው ሰላም አሉኝና ወደ ሥራቸው ተመለሱ።